የቀይዋ መኪና መርዶ

(ጎፋ፣ የመካኒኩ የሉልሰገድ ጋራዥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፤ አንዲት መኪና ሸራ ተከናንባ መኪና ጫኝ ክሬን ላይ እንዳለች በሩ ላይ ቆማለች፤ ባለ ጋራዡና አበልጁ ይልፋሸዋ፣ የሶማሌ ተራው የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ጭቅጭቅ ይዘዋል።)

ይልፋሸዋ፦ ኧረ በማርያም! አንዴ ኮፈኗን ከፍተህ ብታያት ምን ትሆናለህ?

ሉልሰገድ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አልቀበልም አልኩህ። ደግሞስ እንዲህ እንደተከናነበች ነው የማያት?

ይልፋሸዋ፦ ከፊት በኩል ብቻ ገለጥ እናደርጋለን። የቀረውን ተወው፣ ፀሐዩ ቀለሟን ይጎዳዋል።

ሉልሰገድ፦ የቱ ፀሐይ? ሰማዩ ሊዘንብ አይደል እንዴ!

ይልፋሸዋ፦ ባለቤቱ ነገረኛ ነው ባክህ። ሰው እንዳያይብኝ ብሏል።

ሉልሰገድ፦ ማነው ባለቤቱ?

ይልፋሸዋ፦ አንድ ደንበኛዬ ነው፣ አታውቀውም።

ሉልሰገድ፦ ስም የለውም?

ይልፋሸዋ፦ አለው እንጂ፣ አቶ... አንተ ደግሞ! መኪና ነው የምትጠግነው ወይስ እንደ ፖሊስ ቃል የምትቀበለው?

ሉልሰገድ፦ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው። ምን ሆነች?

ይልፋሸዋ፦ ጠዋት ለማሳጠብ ስንወስዳት ጭስ ለቀቀችና ቀጥ አለች። በቃ፣ ትንፍሽ የለም።

ሉልሰገድ፦ ስንት ሰው ትይዛለች?

ይልፋሸዋ፦ ሁለት።

ሉልሰገድ፦ ጣራዋስ?

ይልፋሸዋ፦ ጣራዋ እንኳ... ይታጠፋል።

ሉልሰገድ፦ ቀይ ናት?

ይልፋሸዋ፦ ቀይ መኪና በአገሩ ሞልቶ የለ እንዴ!

ሉልሰገድ፦ ሞልቷል። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ፣ ቀይ አሮጊት የውድድር መኪና ግን እኔ የማውቃት አንዲት ነበረች። እሷም መንገድ ላይ ሞተች ብለኸኛል።

ይልፋሸዋ፦ መኪናና መኪና አይመሳሰልም እንዴ? ሰውም ይመሳሰላል።

ሉልሰገድ፦ እጅህን ከሸራው ላይ አንሳ።

ይልፋሸዋ፦ ሉሌ ተው! ሉሌ!

ሉልሰገድ፦ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔም ሳላይ አላምንም... ይኸው! ከኋላ መብራቷ በላይ ይቺን ስርጉድ አየሃት? መኪናዋን የሸጠችልኝ የጣሊያናዊቷ የሴኞራ ብሩና ባል የሠርጋቸው ማግስት ከቤታቸው አጥር ጋር ያጋጫት ናት። ሴትዮዋ በስልክ ቪዲዮ እጇን ጭናበት እየሳቀች አሳይታኛለች። አንተስ ከጎኔ ተቀምጠህ ስትስቅ አልነበር?

ይልፋሸዋ፦ ቁጭ በልና ላስረዳህ።

ሉልሰገድ፦ ቆሜ እሰማለሁ። የጨው ውኃ ገባባት፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ለቁርጥራጭ ጣሏት አላልከኝም? ልታመጣልኝ ሄደህ ከጅቡቲ ባዶህን ስትመለስ ዓይንህ ቀልቶ ነበር እኮ!

ይልፋሸዋ፦ የመንገዱ አቧራ ነው።

ሉልሰገድ፦ እኔ እንባ መስሎኝ ያጽናናሁት አንተን ነው! ጎረቤቱ ለብረት ለቅሶ ተቀመጠ ብሎ ሲያሾፍብኝ፣ እግዜር ያጥናህ ብለህ አጠገቤ የተቀመጥከው አንተ ነህ። ንፍሮ ቢኖር ትቆረጥም ነበር!

ይልፋሸዋ፦ አጥፍቻለሁ። ጥፋት የማይገኝበት ሰው አለ?

ሉልሰገድ፦ ስንት ዓመት ፈለግናት? የእንግሊዞቹን ስናይ ዝገት በልቷቸዋል፣ የጃፓኖቹን ስናይ መሪያቸው በቀኝ ነው፣ የአሜሪካኖቹ ዋጋ አይቀመስም። በልጅነቴ ከጣሊያኑ ጌታዬ በለቀምኳት ጣሊያንኛ ያቺን አሮጊት ያግባባሁት እኔ ነኝ። ስንቱ ባለገንዘብ ሲለምናት፣ በእጅህ ሞተሯን ካስነሳህልኝ ውሰዳት ብላ በርካሽ የለቀቀችው ለእኔ ነው።

ይልፋሸዋ፦ እሱን ማን ካደ?

ሉልሰገድ፦ አንተ! እኔማ ደውዬ ሞተች ብዬ አረዳኋት። አሮጊቷ ስልኩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰች። መርዶ ነጋሪ አደረግከኝ እኮ ይልፋሸዋ! ቆማ ለምትሄድ መኪና!

ይልፋሸዋ፦ እንግዲህ ይውጣልኝ። አንተ እጅ ብትገባ እስከ ምጽአት ከዚህ ጋራዥ አትወጣም ነበር! ይሄ ብሎን የእሷ አይደለም፣ ይሄ ቀለም ትንሽ ደመቀ እያልክ ስትዞራት ሁለታችንም እናረጃለን። እኔ መኪና ነው ያመጣሁት፣ ታቦት አላመጣሁም!

ሉልሰገድ፦ እና የት ከረመች?

ይልፋሸዋ፦ ቢሾፍቱ፣ የወንድሜ ግቢ። ለሠርግ እያከራየናት ነበር።

ሉልሰገድ፦ ሙሽራ ስታመላልስ?

ይልፋሸዋ፦ ሙሽራ ነው የሚበዛው። አንዳንዴ ዘፋኝም ለክሊፕ ይወስዳታል።

ሉልሰገድ፦ ጉድ እኮ ነው! እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ እሷ እስክስታ ስትመታ! ኮፈኗን ክፈት።

ይልፋሸዋ፦ ከመክፈታችን በፊት አንዲት ነገር...

ሉልሰገድ፦ ክፈት አልኩህ! ...ምንድነው ይሄ?

ይልፋሸዋ፦ ሞተር ነዋ።

ሉልሰገድ፦ የምን ሞተር?

ይልፋሸዋ፦ የሚኒባስ።

ሉልሰገድ፦ ወይኔ! ወይኔ ሉልሰገድ! የእሷስ?

ይልፋሸዋ፦ ተጣብቆ ደርቆ ነበራ፣ አንተም ታውቃለህ። ማን ያስነሳዋል?

ሉልሰገድ፦ እኔ! እኔ ነበርኩ የማስነሳው! ለእሱ ብዬ አይደል እንዴ የፈለግኳት? ለሽርሽር መስሎህ ነበር? የት አደረስከው?

ይልፋሸዋ፦ ...ብረት ገዢዎች ወሰዱት።

ሉልሰገድ፦ ለቁርጥራጭ?

ይልፋሸዋ፦ ለቁርጥራጭ።

ሉልሰገድ፦ መጀመሪያ ዋሸኸኝ፣ ኋላ ውሸትህ እንዳያፍር እውነት አደረግከው።

ይልፋሸዋ፦ ሌላ እናመጣለን። አሁንም ፈላጊው አንተ፣ አምጪው እኔ።

ሉልሰገድ፦ ከየት ነው የምታመጣው? የቤንዚን መኪና እንዳይገባ ተከልክሎ? በሩ ሳይዘጋ ያለፈችው እሷ ነበረች። አየህ፣ ጠላት ቢሠራኝ ጠላቴ ነው ብዬ እተኛ ነበር። ክርስትና ያስተሳሰረኝ ሰው ሲሆን ለማን ነው የምከስህ? አንጀቴን ነው የቆረጥከው።

ይልፋሸዋ፦ እሺ፣ ስደበኝ። ምራቅህን ትፋብኝ። ግን ነገ የልጄ የአምሃ ሠርግ ነው።

ሉልሰገድ፦ አውቃለሁ። ክርስትና ያነሳሁትን ልጅ ሠርግ እረሳለሁ?

ይልፋሸዋ፦ ሙሽሪትን የሚያመጣት በዚች ነው። ለአማቾቹም፣ ለሰፈሩም ተናግሬያለሁ። ወንድሜ አሁን አበባ ተሸክሞ ቤት እየጠበቀኝ ነው። ከአንተ በቀር እስከ ነገ የሚያስነሳት የለም።

ሉልሰገድ፦ ሰው ፊት እንዳታፍር ነዋ የመጣኸው። እኔ ጋ ለማፈር አይደለም።

ይልፋሸዋ፦ በእኔ ጥፋት ልጁ ይቀጣ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን!

ሉልሰገድ፦ አምሃ የማን መኪና እንደሆነች ያውቃል?

ይልፋሸዋ፦ አባትህ የገዛት ናት ብዬዋለሁ።

ሉልሰገድ፦ አመነህ?

ይልፋሸዋ፦ አባቱን የማያምን ልጅ አለ እንዴ? እባክህ ሉሌ፣ ለእሱ ስትል። እኔን ከነገ ወዲያ ትጣላኛለህ።

ሉልሰገድ፦ ትናንት እዚህ ነበር።

ይልፋሸዋ፦ ማን?

ሉልሰገድ፦ አምሃ። የስርጉዷን ፎቶ ድሮ ስልኬ ላይ ስላየው፣ መኪናዋን ባሳየኸው ዕለት ለይቷታል። ሲነግረኝ ተቆጣሁት። አበልጄ አይዋሸኝም፣ ሌላ ትሆናለች፣ የአባትህን ስም አታጥፋ ብዬ ጮህኩበት። አልቅሶ ነው የወጣው። ሌሊቱን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ፤ ዛሬ በበሩ ስትገባ፣ ራስህ ልትነግረኝ የመጣህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ይልፋሸዋ፦ ...ልጁ ምን አለ?

ሉልሰገድ፦ ዛሬ ጠዋት ተመልሶ መጥቶ፣ የተሰረቀች መኪና ይዤ ታቦት ፊት አልቆምም አለ።

ይልፋሸዋ፦ እና ነገ በምን ሊሄድ ነው?

ሉልሰገድ፦ በእኔ ትንሿ ፊያት ሰይቼንቶ። ጓሮ እያጠባት ነው፣ ሚዜዎቹም እዚያው ናቸው። ለምኜው ነበር፣ ከአባትህ ቤት ተነሣ ብዬው ነበር፣ እምቢ አለ። በል እንግዲህ፣ ክሬንህን ከደጄ አንሳልኝ፤ ነገ ሙሽራው በዚህ በር ነው የሚወጣው።