ጣቴ ያልመሰከረላት ሽጉጥ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የጥበቃ ባልደረቦቼ፣ ለእኔ የጡረታ ሽኝት ብላችሁ ወንበር ደርድራችሁ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ጸሐፊያችንንም አመሰግናለሁ፤ ፊት ለፊቴ መቀመጡ ደስ ብሎኛል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይዣለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ሽጉጥ ግን በመዳፌ አነባለሁ። ዘዴዬን ታውቃላችሁ። አንድ ካዝና ሙሉ ጥይት እተኩስና ወዲያው ክርና መርፌ አነሳለሁ። ክሩ ከገባ ሽጉጡ ለሰው ልጅ ይሰጣል። እጄ ተንቀጥቅጦ ክሩ እምቢ ካለ አይሰጥም። "ጋሼ፣ ልብስ ሰፊ ነዎት ወይስ መሣሪያ ያዥ?" እያላችሁ ስትስቁብኝ ኖራችኋል። እኔ ቀድሜ ክር ካላስገባሁ፣ ኋላ የሚያስገባው ሐኪም ነው።

አምና ሁለት የኪስ ሽጉጦች፣ ለጠባቂዎቹ የትኛዋ ትታደል ተብሎ፣ ቀረቡልኝ። አንዷ የድሮዋ ባለብረት ናት፤ "አሮጊቷ" እንላታለን። ኪስ ትጎትታለች። ስትተኮስ ግን ክብደቷ ርግጫውን ይውጠዋል፤ ትንሿ ጣትም እጀታዋ ላይ ቦታ ታገኛለች። ሁለተኛዋ አዲሷ ናት፤ "ላባ" አላችኋት። ኪስ ውስጥ መኖሯም አይታወቅ። ጥይቷ ግን ያው የአሮጊቷ ጥይት ነው። ቀላል ዕቃ ያንኑ ጥይት ሲተፋ ርግጫው የት ይሄዳል? ወደ መዳፍ ነዋ። እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት አየር ላይ ትንጠለጠላለች። አፈሙዟ ወደ ላይ ይዘላል፤ ለሁለተኛው ጥይት እንደ አዲስ መጨበጥ ነው። በአሮጊቷ ክሩ በአንዴ ገባ። በላባ ስድስት ጊዜ ሞከርኩ፤ መርፌው ራሱ ከእጄ ወደቀ። ቆማችሁ አይታችኋል።

ይህን ሁሉ ለጸሐፊያችን ነገርኩት። ሃያ ዓመት ዓይኔ እሱ ነበር። የልጄን ደብዳቤ ያነበበልኝ እሱ፣ የሚስቴን የሐኪም ወረቀት ያነበበልኝ እሱ። ጻፈ። "ልክ እንዳሉት ነው ጋሼ፤ እዚህ ጋ ይጫኑ" አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ተጫንኩ።

ወረቀቱ "ላባ ርግጫዋ ለስላሳ፣ አያያዟም ምቹ ነው" ይል ኖሯል።

ያወቅሁት በር ላይ የምትቆመው ልጃችን ከተጎዳች በኋላ ነው። በልምምድ ሦስተኛውን ጥይት ስትተኩስ ላባ መዳፏ ውስጥ ዞረች፤ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለውን ሥጋ ቀደደው። አምስት ቦታ ተሰፋች። እጇን በፋሻ ጠቅልላ መጣች።

"አባባ፣ ይህችን የመረጡልኝ እርስዎ ነዎት?"

"ማን አለ?"

"ወረቀቱ። ጣትዎ አለበት።"

ጸሐፊውን ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ ዕቃው ከፈተናው በፊት ታዞ ነበር። ምን ላድርግ?" አለኝ። ምን ታደርግ? "እንዲህ ጻፍ ተብያለሁ" ትለኝ ነበር። ጣቴን እሰበስብ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ የወደቅሁት ግን በስተርጅና ነው። እናንተስ? መርፌው ሲወድቅ የሳቃችሁ፣ ወረቀቱ እኔ በሌለሁበት ሲነበብ የት ነበራችሁ? አንድ ሰው እንኳ "ሽማግሌው ይህን አላለም" አይልም?

ዛሬ በመስታወት የተከደነ የምስጋና ወረቀት ሰጣችሁኝ። ምን ይላል? ጸሐፊያችን ሊያነብልኝ ተነሥቶ ነበር፤ ተቀመጥ አልኩት። ሳይነበብልኝ መቀበልም፣ እሱ አንብቦልኝ መቀበልም በቅቶኛል።

ስለ ሁለቱ ሽጉጦች የነገርኳችሁን ያቺው ልጃችን ትናንት በወረቀት ጽፋልኛለች። እጇ ገና ስላልጠነከረ ፊደሉ ዘመም ብሏል አሉ። ሁለት ሰዎች ለየብቻ አነበቡልኝ፤ ቃሉ አንድ ሆነ። አሁን በፊታችሁ ጣቴን እጫንበታለሁ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከዚያ ላባን ካመሰገነው ወረቀት ጎን ይቀመጥልኝ። ላባም ከሰዎቹ ኪስ ትሰብሰብ። ሌላ ስጦታ አልፈልግም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። እጃችሁ አይንቀጥቀጥ። የምትተኩሱበት ቀን አይምጣባችሁ፤ ከመጣም የያዛችሁት አይክዳችሁ። በሰላም ገብታችሁ በሰላም ውጡ። ጸሐፊያችን፣ አንተንም አልዘልህም፤ ዓይንህ የደከመ ቀን፣ የተጻፈውን ብቻ የሚያነብልህ ሰው ይስጥህ።

በሉ፣ ቀለሙን አቅርቡልኝ።