የካምፑን የጽድቅ ውሃ

ካሳቫ ከሚባለው ሥራሥር ስታርች የተባለውን ዱቄት በሚያወጣው ፋብሪካ አጠገብ ባለው መንደር ደጁ ላይ የውሃ ጋን የማያስቀምጥ ሰው የለም። አላፊ አግዳሚው ጠጥቶ ሲመርቅ ጽድቁ ለባለጋኑ ነውና። በዚህ ደግሞ አባባ ካምፑንን የሚስተካከል አልነበረም። አንድ ጠዋት ከጉድጓዳቸው ቀድተው ጋኑን እንደሞሉ፣ የጎረቤታቸው የመምህሩ ልጅ ጂንታና ሞተር ብስክሌቷን አቁማ እጅ ነሳቻቸው። ተምራ ለክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት የጉድጓድ ውሃ የምትመረምር ልጅ ናት። ሽማግሌው ጨልፈው ሰጧት፤ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ሳትቀምስ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው ልጄ፣ ውሃዬን ተጸየፍሽው? አባትሽ በዚህ ውሃ ነው ያደገው።»

«እርስዎን መጸየፌ አይደለም፣ አባባ። ባለፈው ከጉድጓድዎ የወሰድኩት ውሃ ውጤቱ መጣ። ናይትሬት የሚባል ነገር ከተፈቀደው አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘበት።»

«ስም ማውጣትማ መቼ ያቅታችኋል። ይኸው ሰባ አንድ ዓመቴ፣ ጠጥቼው በእግሬ እሄዳለሁ። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው።»

«ክፋቱም እሱ ነው። የመጣው ከዚያ ነው» አለችና በማሳቸው ጫፍ ያለውን ኩሬ አመለከተች።

ካምፑን ፊታቸው ተለወጠ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በፋብሪካው ቦይ ዳር የበቀለ ካሳቫ ሲፋፋ አይተው፣ አንድ ቅርጫት ማንጎ ይዘው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ የሄዱት እሳቸው ናቸው። ካሳቫው የታጠበበትን እጣቢ ወደኛ ልቀቁልን ብለው ለምነው ቧንቧ አስዘረጉ፤ ኩሬውንም በገዛ አሸዋማ መሬታቸው ላይ አስቆፈሩ። ካሳቫው እጥፍ ሆነ፤ መንደሩም ካምፑን ባይኖር ምን ይውጠን ነበር አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

«እጣቢው እኮ ማዳበሪያ ነው» አሉ። «ካሳቫውን ጠይቂው።»

«ማዳበሪያነቱን ማን ካደ፣ አባባ? አንድ ሰሃን ሩዝ ለሚበቃው ሰው ድስቱን ቢገለብጡበት ትርፉ የት ይሄዳል? ካሳቫውም ልኩን በልቶ የቀረው ወደ ታች ሰረገ።»

«እና ፋብሪካው ይዘጋ ነው የምትይኝ? ካሳቫችንን ለማን እንሽጥ? ለመነኮሳቱ?»

«ይዘጋ ያለ የለም። ሕጉ የሚለው፣ ኩሬው ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍ፤ እጣቢው ማሳ ላይ ከመለቀቁ በፊት ይለካ፤ መንደሩም እስከዚያው ንጹህ ውሃ ይምጣለት ነው። ፋብሪካው ግን 'ኩሬው የገበሬዎቹ ነው፣ አናውቀውም' ይላል። ቧንቧው በማን ስምምነት እንደተዘረጋ መስክረው ካልፈረሙልን ያመልጠናል።»

«በሰው ሁሉ ፊት፣ መርዙን ያመጣሁት እኔ ነኝ ልበል?»

«ያኔ እርስዎ መርዝ መሆኑን አላወቁም። ፋብሪካው ግን ማወቅ ነበረበት።»

ሰው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት አንዲት ማምለጫ መፈለጉ አይቀርም፤ ሽማግሌውም ፈለጉ።

«ሲፈላ ግን ይጠፋል፣ አይደል?»

«አይጠፋም፣ አባባ። ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል። ይበልጡን ይበረታል። ለእርስዎ ላይሰማዎት ይችላል፤ በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን ግን ደሙ አየር እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ሰውነቱ ይጠቁርና...» ጂንታና አልጨረሰችውም።

ካምፑን አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ከማዶ የምትኖረው ማሊዋን ፋብሪካው ውስጥ ስለምትሠራ፣ ልጇን በዱቄት ወተት ነበር የምታሳድጋት። ውሃውን የምትቀዳው ከሳቸው ጉድጓድ ነው። ያቺ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሦስት ወሯ፣ ከንፈሯና ጥፍሯ ጠቁሮ ሞተች።

«ሐኪሙ ልቧ ነው ብሎ ነበር» አሉ በቀስታ።

«ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ውሃውን የለካው ሰው የለም። አሁን ማንም በርግጠኝነት ሊነግርዎ አይችልም።»

«ቢጸዳ በስንት ጊዜ ይጸዳል?»

«ዛሬ ቢቆም፣ ከሥር ያለው ውሃ እስኪጠራ አሥር ዓመትም አሥራ አምስትም ይፈጃል።»

«እኔ አላየውም ማለት ነው» አሉና ጂንታና ይዛ የመጣችውን ወረቀት ተቀብለው ፈረሙ።

እውነትም ያ ፊርማ መንደሩን ጠቀመ። ፋብሪካው ተገድዶ ኩሬውን አነጠፈ፣ ከላይም ከደነው፤ ከእጣቢው የሚወጣውን ጋዝ ለማሞቂያው ስላዋለው ማገዶ መግዛት ቀረለት። እጣቢው በልክ ሲለቀቅ ካሳቫው አልከሳም። በየማሳው መመርመሪያ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ለየቤቱም ከሩቅ ንጹህ ውሃ ተሳበ። ይህን ሁሉ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ማድረግ ይቻል ነበር፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

በፈረሙበት በዚያው ቀን ግን ካምፑን፣ ማሊዋን ነገሩን ከመንደሩ ስብሰባ ላይ እንድትሰማው አልፈለጉም። ጂንታናን አስከትለው ተሻገሩ። ማሊዋን ምንጣፍ አንጥፋ አስቀመጠቻቸው። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ኩሬው፣ ስለ ጉድጓዱ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት።

«ውሃውን ከጠረጠርሽው አብዝተሽ አፍዪው ያልኩሽም እኔ ነኝ» አሉ። «ያን ባልልሽ ኖሮ...»

ማሊዋን እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«አባባ» አለች፣ «እኔ እኮ እርስዎ ካሉኝም በላይ ነበር የማፈላው።»