አዝመራ እህል አይደለችም

ከጎንደር፣ ከኮሶዬና ከወገራ አፈር ልታለብሱ የመጣችሁ ወገኖች ሆይ፣ የመምህር ወልደ ገብርኤል ክንዱን ዜና ሕይወት የሚያነብላችሁ የባለቤታቸው ወንድም ውዱ ዳኛው ነው፤ ድምፁ ቢሻክር ኀዘን ብቻ አይምሰላችሁ፣ ንዴትም አለበት።

መምህር ወልደ ገብርኤል ከአባታቸው ከቄስ ክንዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል በ፲፰፻፺፰ ዓ.ም. አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ አኮፋዳቸውን አንግተው ጎንደር ወርደው ቅኔ ከተማሩ በኋላ፣ ጠላት ከአገር በወጣ ማግሥት በከተማው ካሉት አድባራት በአንዱ የቅኔ ወንበር ተሰጥቷቸው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ። አንድን ቅኔ ከመፍታታቸው በፊት ተቀኚው ማን ነበር፣ ዘመኑ ምን ዘመን ነበር፣ በዚያ ሰሞን በቤቱ ምን ደርሶበት ነበር ብለው የሚጠይቁ፣ ይህን ሳያጣራ ወርቁን አገኘሁት የሚለውን ተማሪ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቃሚ እያሉ የሚያስቁበት ሸጋ መምህር ነበሩ።

ከወይዘሮ ይመኙሽ ዳኛው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኃይለ ጊዮርጊስን፣ ዘነበወርቅንና አዝመራን ወለዱ። ወይዘሮ ይመኙሽ ልጆቹን ይዘው እዚሁ አምባ ጊዮርጊስ እርሻውን ሲጠብቁ፣ መምህሩ ከጎንደር በመጡ ቁጥር ትንሿን አዝመራን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ አንቺ እያለሽ ይህ ቤት መች ይራባል እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

በ፲፱፻፵፩ ዓ.ም.፣ ገበሬው ስለ ግብር በሚያጉረመርምበት ወራት፣ የደብሩ በዓል በሚከበርበት ዕለት ጠዋት አዝመራ በተስቦ መሞቷን የሚያረዳ ሰው መጣባቸው። መምህሩ ለማንም ሳይተነፍሱ ቅዳሴውን አስቀድሰው፣ ግብር የሚያስከፍሉት ሹም በተቀመጡበት ድግስ ላይ ቅኔ ያበርክቱ በተባሉ ጊዜ ሌላ ቃል ከአፋቸው አልወጣ ብሎ እንዲህ አሉ፦

ገና እሸት ሳለች አዝመራዬን ጌታ፣
አጭዶ ወሰዳት ጥቂት ሳይሰጥ ፋታ።

ይህን ብለው እህል ሳይቀምሱ ወጡና በእግራቸው ወደ ወገራ ገሰገሱ።

ወየው ለዚያ ድግስ! ሊቃውንት ነን የሚሉት ጢማቸውን እያሻሹ፣ አዝመራ ያለው የገበሬውን ሰብል ነው፣ ጌታ ያለው ግብር የሚያስከፍሉትን ሹም ነው፣ ሳይበላ መውጣቱም ሽሽት ነው ብለው ፈቱት። ዘመኑን አይተዋል፣ የሰውየውን ቤት ግን አላዩም። የእህል አዝመራ ቢሆን ኖሮ ሳለ፣ ወሰደው ባሉ ነበር፤ ምነው፣ ገብስ ሴት ነው? ሳለች፣ ወሰዳት የሚለውን በጆሯችሁ ሰምታችሁ የለም ወይ? ይባስ ብሎ የልጅቱ ሞት በከተማው ከተሰማ በኋላ እንኳ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ያን የሚያህል መምህር ለአንዲት ሴት ልጅ ቅኔ አያባክንም ብለው በሹሙ ፊት መሰከሩ። እንዲህ ብለው ከመሰከሩት አንዳንዶቹ ዛሬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዚህ ቆመዋል። እግዜር ይይላቸው።

በዚህ ምክንያት መምህሩ ወንበራቸውን ተነጥቀው ቆላ ተጋዙ፤ የልጃቸውን ተዝካር እንኳ ሳያወጡ ወባ ተሸክመው ተመለሱ፣ ከዚያም ኮሶዬ ላይ ጎጆ ቀልሰው ጥቂት ተማሪ ሲያስተምሩ ኖሩ።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ከከተማ የተማሩ ወጣቶች በማኪና መጥተው፣ ግንባራቸውን ስመው፣ እርስዎ የገበሬው ጠበቃ ነዎት አሏቸው። መምህሩ፣ የለም ልጆቼ፣ አዝመራ ልጄ ናት ቢሏቸው፣ ትሕትናቸው ነው ብለው ተሳሳቁና ያችን ቅኔ ከነሥዕላቸው በመጽሔት አወጧት። አይ መማር! የፊተኞቹ ሊያስሯቸው፣ የኋለኞቹ ሊያነግሷቸው፣ ሁሉም ልጃቸውን እህል አደረጓት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ሁሉም የየራሱን ዘንዶ ሲያወጣ፣ እናቲቱን ወይዘሮ ይመኙሽን አንድም ሰው ልጅ ነበረሽ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። መጽሔቱ የመጣ ዕለት መምህር ወልደ ገብርኤል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው አለቀሱ፤ ሚስታቸው ወደ ግዞት ሲወሰዱ እንኳ እንዲያ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም ይላሉ።

የቆላው ወባ ሰውነታቸውን ሲያደክመው ኖሮ፣ በዚህ በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ሕመሙ ጠንቶባቸው፣ ትናንት ጠዋት ንስሓ አባታቸው አጠገባቸው ሳሉ ዐረፉ። አደራ ያሉት ነገር ቢኖር በአዝመራ ጎን እንዲቀበሩ ብቻ ነው፤ ጉድጓዱም የተቆፈረው እዚያው ነው።

መቃብራቸው ላይ የገበሬው ጠበቃ የሚል ድንጋይ ይዛችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ መልካም አሳቢዎች ናችሁና አንሰድባችሁም፣ ነገር ግን ወይዘሮ ይመኙሽ አይሆንም ብለዋልና ድንጋያችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ገበሬ ይጠላሉ ብላችሁ ደግሞ ሌላ ፍቺ እንዳታመጡብን፤ ወይዘሮ ይመኙሽ ራሳቸው ገበሬ ናቸው።

መምህር ወልደ ገብርኤል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይመኙሽን፣ ልጆቻቸውን ኃይለ ጊዮርጊስንና ዘነበወርቅን፣ ደቀ መዛሙርታቸውንም ትተው፣ ወደ ቀደመቻቸው ልጃቸው ሄደዋል። አልቃሾች ሆይ፣ ያኔ ያልተለቀሰላት አዝመራ ዛሬ ከአባቷ ጋር ይለቀስላት። ፍቺ የማያሻው አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። መቃብራቸው ላይ የሚቆመው የእንጨት መስቀል ተጽፎ አልቋል፤ የአዝመራ አባት ይላል።