የሚያነብ ስልክና የሚጠረጥር አባት

በነሐሴ አጋማሽ አያት ሰፈር ዘመድ ጠይቄ ወደ ባቡሩ ጣቢያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና በአንድ የፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ተጠለልሁ። እዚያም በሲኤምሲ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑትን አቶ ዑቕባዝጊን አገኘኋቸው። የመኪና መለዋወጫ ሲነግዱ ኖረው በቅርቡ ሥራ ያቆሙ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። በካፖርታቸው ሥር መጽሐፍ ሸሽገዋል፤ በክንዳቸው ደግሞ ልጃቸው ኣምለሰት ተደግፋለች። ኣምለሰት በልጅነቷ በዓይን ሕመም ብርሃኗን ያጣች፣ አሁን በመምህራን ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት። መጻሕፍቷን ሁሉ የሚያነቡላት እኒሁ አባቷ ናቸው።

ከሰላምታ በኋላ አቶ ዑቕባዝጊ ንዴታቸውን ዘረገፉልኝ። «ከኮሌጁ መምጣታችን ነው። መምህሩ መጽሐፉ ውስጥ ከሌለ ምዕራፍ ፈተና አውጥቶ ልጄን ጣላት። ምዕራፉ አለ ይለኛል። የለም አልሁት። ሰኞ ድጋሚ ትፈተናለች፤ ከወደቀች ትሰናበታለች። አንድ የሸረቡት ነገር አለ።»

ኣምለሰት አንገቷን ደፋች።

ከእኛ ራቅ ብሎ ነጭ በትሩን ግድግዳው ላይ ያስደገፈ ጎልማሳ ቆሟል። በአንድ ጆሮው የስልክ ማዳመጫ ሰክቶ ለብቻው ይስቃል። አቶ ዑቕባዝጊ በጥርጣሬ ሲያዩት ቆይተው፣

«ልጄ፣ ምን አግኝተህ ነው ብቻህን የምትስቀው?» አሉት።

«መጽሐፍ እያነበብሁ ነው፣ አባባ።»

«እያነበብህ?» አሉና በትሩንና ፊቱን አፈራርቀው ተመለከቱ።

«በጆሮዬ ነዋ። እርስዎ በዓይንዎ ሲያነቡ እኔ መቼ ተቃወምሁ?»

ኣምለሰት ከተገናኘን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያም መጽሐፉን ከየት እንዳገኘው ጠየቀችው።

ሰውየው ሙስአብ እንደሚባልና እዚያው አያት የታሪክ መምህር እንደሆነ ነገረን፤ ቀጥሎም በእርጋታ አስረዳት። የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የተከፈቱ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት አሉ። አንባቢው የመጽሐፉን ወይም የደራሲውን ስም ጽፎ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ያወርደዋል። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት ባይኖርም ስልኩ ያነብለታል። ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ መሄድ፣ ማዘግየት፣ ማስደገም ይችላል። ጭላንጭል የሚያይ ፊደሉን ያጎላል፤ እጁ ገጽ መግለጥ የማይችልም ያለ ረዳት ያነባል።

«ዋጋው?» አሉ አቶ ዑቕባዝጊ።

«እኔ የምጠቀምበት በነፃ ነው። አባል ለመሆን ግን የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል።»

«ይኸው መጣ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ነፃ ይልህና ወረቀትህን ይወስዳል። የልጄ ስምና የልጄ ሕመም በማላውቀው ሰው እጅ ሲዞር ሊኖር? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«መጠርጠርዎ ደግ ነው» አለ ሙስአብ። «ግን ምክንያቱን ይስሙ። መጽሐፍ የደራሲው ንብረት ነው፤ ማንም እያባዛ ሊያድለው አይገባም። ማየት ለተሳነው አንባቢ ተለይቶ ስለተፈቀደ ነው ቤተ መጻሕፍቱ ማስረጃ የሚጠይቀው። እኔም ያወረድሁትን ላካፍላት ብል ደንቡ አይፈቅድልኝም፤ በራሷ ስም ታመልክት። የባንክ ምስጢር ቁጥር የሚጠይቃት ካለ ግን ያን ጊዜ እርስዎን ሆና ትጠርጥር።»

«ይሁን። ስልኩ የሚለው የተጻፈው ስለ መሆኑስ? አንድ ቃል ቢጨምር፣ አንድ ቃል ቢቀንስ፣ የማታይ ልጅ በምን ታውቃለች?»

ይህ ጥያቄ ለእኔም ከባድ መስሎ ታየኝ። ሙስአብ ግን ቀድሞ ንዴታቸውን ሰምቶ ኖሮ፣ የእጃቸው መጽሐፍ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የተጻፈው የኮሌጁ መማሪያ ነው፤ ርእሱን ኣምለሰት ነገረችው። ስሙን ለስልኩ ነግሮ ፈለገና አገኘው፤ አወረደውም።

«መጽሐፉን ይግለጡ፤ ስልኩ ሲያነብ በጣትዎ ይከታተሉ» አለ ማዳመጫውን ከስልኩ እየነቀለ።

አቶ ዑቕባዝጊ መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩ ሕይወት በሌለው ድምፅ ከመግቢያው ጀመረ። የሽማግሌው ጣት መስመር በመስመር ተከተለው፤ ሁሉም ልክ ነበር። አንድ ስፍራ ላይ ብቻ «ዓ.ም.» የሚለውን አጽሕሮተ ቃል አበለሻሽቶ ጠራው።

«ያዝሁት!» አሉ አቶ ዑቕባዝጊ ፊታቸው እየበራ።

«አዎን፣ ይደናቀፋል» አለ ሙስአብ። «ይደናቀፋል እንጂ አይዘልም።»

ኣምለሰት ቀስ ብላ፣

«የምዕራፎቹን ርእስ ብቻ ያስጠሩልኝ» አለች።

ስልኩ መጥራት ጀመረ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ «ከቤት የማይወጡ ልጆችና የወላጅ ፍርሃት» አለ።

«ያቁሙት» አለች። «የፈተናው ጥያቄ ይኼ ነው። አባዬ፣ ስድስተኛው ምዕራፍ ስለ መማሪያ ክፍል ነው ብለህ ነበር ያነበብህልኝ።»

«ዝናቡ አባርቷል፤ እንሂድ» አሉ አቶ ዑቕባዝጊ መጽሐፉን እየከደኑ። ዝናቡ ግን አላባራም ነበር።

ኣምለሰት ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ይዩልኝ። አለ?»

በጎረቤትነትና በእውነት መካከል መቆም ይከብዳል። መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀበልሁና ገለጥሁት። ምዕራፉ በስፍራው ነበር።

«አለ፣ ልጄ» አልኋት።

ሙስአብ ስልኩን ሊያጠፋው ቢል እርስዋ ከለከለችው። ስልኩም ያለ ሐዘንና ያለ ርኅራኄ አነበበ፦ «የማያይ ልጁን ከመንገድ የሚከለክል ወላጅ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ልጁን ሳይሆን የራሱን ልብ ነው።»

አቶ ዑቕባዝጊ መነጽራቸውን አወለቁ። «ደጋግሜ ሞከርሁት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አፌ እንቢ አለኝ። ብትሰሚው ትተዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ከሰባተኛው አንብቤ ስድስተኛ ነው አልሁሽ።»

«መምህሬን ቀየምሁት፣ አባዬ። አንተም ሄደህ ሰደብኸው» አለች። «የሚያስከፋ ነገር ቢሆን እንኳ፣ አንብቤው እኔው ልከፋበት ይገባኝ ነበር።»

በመጨረሻ ሽማግሌው ወደ ሙስአብ ዞረው፣ «ልጄ፣ በሩቁ ሌባ ስጠብቅ ኖርሁ፤ ከቤቴ የቀነሰው ግን እኔ ነኝ» አሉት። ለልጃቸውም «የሐኪሙ ወረቀት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። አንቺው በእጅሽ አመልክቺ። ኮሌጁም ሄጄ መምህሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ የእኔ ንባብ ቀረ ማለት ነው» አሏት።

«ጋዜጣውን ማን ሊያነብልኝ ነው?» አለች ኣምለሰት። «ስትዘል ብቻ ንገረኝ።»

አንባቢ ሆይ፣ አቶ ዑቕባዝጊ ክፉ አባት አልነበሩም፤ የዘለሉትም በፍቅር ነው። ነገር ግን በሌላ ሰው ዓይን ብቻ የሚያነብ ሰው፣ የዚያን ሰው ድካምና ፍርሃት አብሮ ማንበቡ አይቀርም። መጽሐፉን ራሱ ፈልጎ የሚያወርድ አንባቢ የሚሻውን ይመርጣል፤ ያልገባውን ማንንም ሳያስቸግር ያስደግማል፤ በክርክርም «እኔው አንብቤዋለሁ» ለማለት ይበቃል። ቤተሰቡም ከአንባቢነት ሸክም ያርፋል፤ ለጨዋታ ጊዜ ያገኛል። እንግዳ ነገር ሲመጣ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ መርምሮ ውሉን መጠየቅ ደግሞ የጥርጣሬ ዕዳ ነው። ያን ዕዳ ሳይከፍል «እንቢ» የሚል ሰው በሚወደው ሰው ጨለማ ላይ ጨለማ ይጨምራል።

የቤተ መጻሕፍቱ ፈቃድ ከፈተናው በፊት ደረሰላት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በአጥራቸው በኩል አለፍሁ። ያ ሕይወት የሌለው ድምፅ በመስኮቱ ይሰማል፤ ስድስተኛውን ምዕራፍ ያነባል። ወዲያው የአቶ ዑቕባዝጊ ድምፅ ተከተለ።

«ቆዪ እስቲ፣ ኣምለሰት። እዚያ ጋ ድገሚልኝ።»