ቁስል የሌለው እግር

ከምስጋናው በፊት አንድ ስሞታ አለኝ። ይህ ኬክ ለምንድን ነው ስኳር የሌለው? እኔ ጀውሀር፣ የዚህ ክሊኒክ ሾፌር፣ ምሳዬን ትቼ ሆዴን ለዚህ ኬክ አዘጋጅቼ ነበር። ቀመስኩት፤ ፋሻ ፋሻ ይላል። ማን እንዳዘዘው ታውቃላችሁ። በገዛ ሽኝቷ ቀን እንኳ አፋችንን አላመነችም።

ሲስተር ሙሉወርቅ፣ የመጣሽ ዕለት ከጅዳ ኤርፖርት የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ። ሻንጣሽን ልይዝ እጄን ስዘረጋ አንቺ ወደ መሬት አቀርቅረሻል። ዓይን አፋር ሴት መጣችልን ብዬ ደስ አለኝ። ቀና ስትዪ፣ «ጋሼ፣ ይህ ጫማ ጠቦዎታል። ያውልቁትና ልየው» አልሽኝ። እዚያው፣ ታክሲዎች መሃል! ሚስቴ እንኳ ልብ ብላ አይታው የማታውቀውን የእግሬን ጣት አንቺ ሻንጣሽን ሳታስጭኚ መረመርሽው።

ከዚያ ወዲህ በአንቺ ትእዛዝ፣ ጠጠር እንዳይኖርበት ጫማውን ገልብጦ ሳያራግፍ የሚያደርግ ሰው ከዚህ ቤት አልወጣም። እንግዳ ተቀባይዋ ፎዚያ ስታራግፍ የቴምር ፍሬ ወጣ። እስከ ዛሬ «የእኔ አይደለም» ትላለች።

ሙዲራችን፣ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ዛሬ አልመጡም፤ ስብሰባ አለባቸው አሉ። ይሻላል፣ እንደልቤ ላማቸው። «ቁስል የሌለውን ሰው ለምን ታሰልፊያለሽ?» ይሉሽ ነበር። ውድ ውድ የቁስል መሸፈኛ በካርቶን ያስመጣሉ፤ እግሩ ከመቁሰሉ በፊት እንድታዪው ግን ሩብ ሰዓት ይሰስታሉ። ቤቱ ከነደደ በኋላ ባልዲ ለመግዛት የሚሮጡ ሰው ናቸው። አንቺ ደግሞ፣ «ከቆሰለማ እኔ ዘግይቻለሁ» ትያቸው ነበር።

ወረፋሽስ! የስኳር ሕመምተኛውን ሁሉ እንደ እግሩ አደጋ ነው የምትለዪው። እግሩ የሚሰማው በዓመት አንዴ ይታያል፤ የደነዘዘው ቶሎ ቶሎ፤ አንዴ ቆስሎ የዳነው ደግሞ በየወሩ። አንድ የሸረፊያ ሰፈር ነጋዴ፣ «እኔ ተቀምጬ የሰቢል ሰፈር ዘበኛ ይቀድመኛል?» ብሎ ጮኸ። «የአንተ እግር ጠጠር ሲገባበት ይጮህልሃል፤ የእሱ ዝም ይላል» አልሽው። ሰውዬው እስከ ዛሬ አልገባውም።

እኛስ ብንሆን? ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና የምንለቀልቅ! የደነዘዘ እግር በፈላ ውሃ የምንዘፈዝፍ! ቁስሉን በሂና ሸፍነን ሰርግ የምንሄድ!

በሞኝነት የሁላችን አለቃ ግን ከሊል ነው። መካ፣ መንሱር ገበያ ውስጥ ጆንያ የሚሸከመው ወሎዬ። ምስማር ጫማውን በስቶ ገብቶበት ቀኑን ሙሉ ሠራና መጥቶ ፎከረብሽ፦ «ወላሂ አልተሰማኝም ሲስተር! እግሬ ጀግና ነው!»

«ጀግና አይደለም፤ ደንዝዟል» አልሽው።

ቁስሉ እስኪዘጋ ስንት ወር ታገልሽ። ሲዘጋ እሱ ጨፈረ፤ አንቺ ፊትሽ ጠቆረ። «አንዴ የቆሰለ እግር ተመልሶ ይቆስላል፤ የእኔ ጭንቀት ገና አሁን ጀመረ» አልሽ።

ከዚያ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አለቀና መንገድ ላይ እንዳይያዝ ጅዳ መምጣት ፈራ። አንቺ ደግሞ ክርስቲያን ነሽ፣ መካ አትገቢም። ማን ይላካል? ጀውሀር! ገበያው መሃል ተንበርክኬ፣ የቪዲዮ ጥሪውን ከፍቼ፣ ስልኩን የከሊል እግር ስር እይዛለሁ። አንቺ ከዚህ ትጮሂያለሽ፦ «ዝቅ በል ጋሼ! ጣቶቹ መሃል! የአንተን ጉንጭ አይደለም የማየው!» የመንሱር ሰው እብድ ነው ብሎ ከንፈሩን መጠጠልኝ።

«ከሊል፣ ሁለቱንም እግርህን በእጅህ ጀርባ ዳስስ። አንዱ ከሌላው ከሞቀ ውስጡ እየተጎዳ ነው፤ ቁስል ሳትጠብቅ ና» ትይዋለሽ። እሱ ይስቅብሻል፦ «ሳልቆስል መጥቼ ምን ልበል?»

ከረመዳን ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። ሄጄ ፈለግኩት፤ ክፍል ለቋል አሉኝ። ያ እግር እንደገና ቢቆስል ሊቆረጥ እንደሚችል ታውቂያለሽ። ጡረታ ወጥተሽ ሐሙስ ወደ ደብረ ብርሃን ትበሪያለሽ፤ እኔ እዚህ ስቀልድ አንቺ በሩን በሩን ታያለሽ። አይቼሻለሁ።

እህቴ፣ ቀልዱን ልተው። ቁስሉ የዳነለት ሰው ያመሰግናል፤ ያልቆሰለው ግን ምን እንደተረፈ አያውቅም። በዚህ ከተማ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚሄድ፣ አንቺን ግን «ያቺ ነዝናዛ» የሚል ስንት ሰው አለ! ስለ እነሱ ሁሉ እኔ አመሰግንሻለሁ። ቦታሽን የምትረከበውን ሲስተር ሊያን ደግሞ ንዝነዛሽን እንዳትተው አደራ እላታለሁ።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ። ስኳር የሌለው የሮማን ጭማቂ ነው፤ ቻሉት። ለሙሉወርቅ ዕድሜና ጤና! ሰው እግር ስር ተንበርክኮ ላለቀው ጉልበቷም ዕረፍት! ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ካልሲሽን ደራርበሽ...

ማነው የሚያንኳኳው? ፎዚያ፣ ክፈቺለት እስቲ።

ያ ረቢ! ከሊል! የት ጠፍተህ ነው አንተ? ኢቃማው ታደሰ? ተመስገን። ለምን ታነክሳለህ? አታነክስም? ታዲያ ምን ሆነህ መጣህ? ጮክ በል፣ ሰው ይስማህ።

«ቀኙ ከግራው ይሞቃል፤ ቁስል ግን የለውም» ነው ያልከው?

ሳትቆስል መጣህ? አንተ?

ሙሉወርቅ፣ ተቀመጪ፣ ጡረታ ወጥተሻል! ሊያ ትየው... ተመልከቷት፣ ተንበርክካለች እኮ። እሺ፣ ሁለታችሁም እዩት። ከሊል፣ ጫማህን አውልቀህ አራግፍ። እናንተ ጠጡ። ንግግሩ አለቀ፣ ኸላስ።