ሲንቄ ከፊት

አሰላ ውስጥ በአንድ ምርቃት ላይ ከውጭ ለመጡ ፕሮፌሰር አስተርጓሚ ነበርኩ። ሰውዬው ሰልፉ እስኪገባ አዳራሹ በር ላይ ቆመው ስለ ዩኒቨርሲቲያቸው ያወሩኛል። ስንት መቶ ዓመት፣ ስንት ጦርነት፣ ስንት ወረርሽኝ አልፎበታል፤ በምርቃት ቀን ግን ዛሬም አንድ ጥንታዊ በትር ከሁሉ ፊት ይሄዳል አሉኝ። የእኛ ግቢ ቀለሙ እንኳ ገና አልደረቀም፤ አንገቴን ደፋሁ።

ድንገት ጥበቃው «ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸ። ያስቆማቸው ከሳጉሬ የመጡትን አዴ ከዲጃን ነው፤ ልጃቸው ከተመራቂዎቹ አንደኛ ናት።

«ዱላ አይደለም የኔ ልጅ፣ ሲንቄ ነው» አሉት። «ስዳር እናቴ የሰጠችኝ። አርሲ ውስጥ ሴት ይሄን ይዛ ከቆመች ማንም አልፏት አይሄድም።»

ጥበቃው ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ ነው፣ አልገባውም። ወደ በሩ የደረሰው ሰልፍ ግን ነገሩ ገባው፤ ዲኑ ሳይቀሩ ባሉበት ቆሙ።

ነገሩን ለፕሮፌሰሩ ተረጎምኩላቸው። ስለ ዩኒቨርሲቲያቸው በትርም ለአዴ ከዲጃ ነገርኳቸው።

«እሱንስ የምትይዘው ሴት ናት?» ብለው ጠየቁ።

የፕሮፌሰሩ ፊት ቀላ። «ለብዙ መቶ ዓመታት ሴት ለመማርም አትገባም ነበር» አሉ።

አዴ ከዲጃ ሲንቄያቸውን ቀጥ አድርገው ያዙና «በል ንገራቸው፤ ዛሬ ከኋላዬ ይምጡ» አሉኝ።

ጥበቃው በሩን ለቀቀ። እልልታው አዳራሹን ሞላው። ፕሮፌሰሩ ቆባቸውን አውልቀው፣ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ተከተልናቸው።