የመሰረት እጆች

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የእስቴ ሰው ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ፣ ከማስተማሩ ሲያርፉም ብራና ይፍቃሉ። ያን ዕለት ጠዋት ግን ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው፣ ከልጃቸው ከመሰረት ጋር መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ተቀምጠው አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። መሰረት ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀዬዋ ርቃ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ፣ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው። እጆቿን በነጠላዋ ጠቅልላለች።

"እንደምን አደሩ፣ የኔታ?" የሚል ድምፅ ቀና አደረጋቸው። እድላዊት ነበረች፤ የቀድሞ ተማሪያቸው የቄስ ማቴዎስ ልጅ፣ ደብረ ታቦር ላይ ነርስ ሆና የምታገለግል። ወላጆቿን ጠይቃ ወደ ሥራዋ መመለሷ ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነሽ ወይ ልጄ? እኛማ ወደ ጠበል ነን። ሁለት ወር እንቀመጣለን።"

"ማን ታሞ?"

መሪጌታ በዓይናቸው ልጃቸውን ጠቆሙ። ነገሩን ከአፋቸው ማውጣት ከብዷቸው ነበር። ጎረቤት የልጅቱን እጅ አይቶ "ስጋ ደዌ ነው" እያለ ያንሾካሹካል፤ ለልጃቸው ለይሁኔ ሊያጯት ሽማግሌ የላኩት የወገዳ ሰዎችም ድምፃቸውን አጥፍተዋል። ነጠላውን የፈታችው ራሷ መሰረት ናት። መዳፏ ተሰነጣጥቋል፤ የጣቶቿ መካከል ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል።

እድላዊት በነጠላው ጫፍ ቀስ ብላ ዳሰሰቻት። "ይሰማሻል?"

"እንዴት አይሰማኝ! ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል፤ እንቅልፍ ነስቶኛል።"

"የኔታ፣ ስጋ ደዌ የነካው ቆዳ ይደነዝዛል እንጂ እንዲህ አያሳክክም። ሐኪም አይቶ ያረጋግጥልን፤ እኔ ግን የሥራዋ ጣጣ ይመስለኛል።"

"የሥራዋ?" መሪጌታ ፈገግ ብለው ሁለት እጆቻቸውን ዘረጉ። "እኔ ሠላሳ ዓመት ቆዳ ስዘፈዝፍ፣ ስወጥር፣ ስፍቅ ኖሬያለሁ። ቆዳ የሰው እጅ የሚበላ ቢሆን ለእኔ ጣት ይተርፈኝ ነበር?"

ሰው በገዛ እጁ የሞከረውን ትቶ የሌላውን ቃል እንዲያምን ማድረግ ቀላል አይደለም። እድላዊትም ይህን ስለምታውቅ አልተከራከረቻቸውም፤ ጠየቀቻቸው እንጂ።

"ለእረፍት ስትመጣ ይሻላት ነበር?"

"ለጥምቀት መጥታ ደርቆላት ነበር። ጠበሉ ነክቷት ተሻላት።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ለዘመን መለወጫም ተሽሏት ነበር" አሉና ትንሽ አሰብ አደረጉ። "ያኔ እንኳ ጠበል አልሄደችም።"

"እርስዎ የፍየሉን ጠጉር እንዴት ነው የሚያነሱት?"

"በውሃ ዘፍዝፌ፣ ወጥሬ፣ በመፋቂያ ነዋ። ክንዴ እስኪዝል።"

"መሰረት፣ እናንተስ ጋ ማን ይፍቃል?"

"ማንም አይፍቅም። ኖራና ኬሚካል ባለበት ውሃ እንከተዋለን፤ በማግስቱ የበሬው ጠጉር ልክ እንደ ሊጥ ቀልጦ ሙልጭ ይላል።"

መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊታቸው ተለወጠ።

"የበሬ ጠጉር የሚያቀልጥ ውሃ ውስጥ ነው ይህን እጅሽን የምትከቺው?"

"ጓንት አለን፤ ግን አጭር ነው፣ ውሃው ከላይ ይገባል። ሲቀደድም በዚያው እንሠራበታለን። ሽታው አልለቅ ስለሚለኝ ማታ በበረኪና እታጠባለሁ።"

"በረኪናውማ በቁስል ላይ ቁስል ነው!" አለች እድላዊት። "በንጹህ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቢ፤ አድርቀሽ ቫዝሊን ተቀቢ። ጓንቱ እስከ ክርን የሚደርስ ይሁን፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ወይም ከተቀደደ ቶሎ ለውጪው። ዳግም የጀመረሽ ዕለት ለአለቃሽ ተናገሪ፤ መደበቅ ነው ያባባሰው።"

"ጠበሉስ?" አሉ መሪጌታ፣ እንደ ተማሪ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ጠበሉን ማን ከለከለዎት፣ የኔታ? ሐኪም አይቷት ትጠመቅ። ግን ሁለት ወር ተጠምቃ ወደዚያው ገንዳ በባዶ እጇ ብትመለስ፣ ምሕረቱን እኛው አፈሰስነው ማለት አይደለም?"

መሪጌታ አውቶቡሱ ሲመጣ ጓዛቸውን አነሱና "ደብረ ታቦር እንወርዳለን" አሉ።

ሐኪሙም ስጋ ደዌ እንዳልሆነ አረጋግጦ ቅባት አዘዘላት፤ ለፋብሪካውም ደብዳቤ ጻፈላት። ቆዳዋ ሲጠገን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከኖራው ገንዳ ወደ ደረቅ ቆዳ መለያ ክፍል አዛወሯት። የገንዳው ሴቶችም እሷን አይተው እጃቸውን ለአለቃቸው በአንድነት አሳዩ፤ እምቢ፣ እሺ ሲባል ከርሞ፣ ረጅም ጓንት መጣላቸው።

የወገዳ ሽማግሌዎች ዳግመኛ መጡ። ሠርጉ በጥር ሆነ፤ መሰረትም ለእንሶስላ እጆቿን ስትዘረጋ የሸፈነችው ጣት አልነበረም።

በመልሱ ማግስት ጎረቤታቸው አዱኛ መሪጌታን ለብቻቸው ገለል አደረጓቸው። የአዱኛ ልጅ በሲሚንቶ ሥራ ላይ ነው፤ እጁ እየተላጠ አስቸግሮታል። ሰው የላከበት ነገር ይሆን ሲሉ ጠየቁ።

"የላከበትስ ሲሚንቶው ነው" አሉ መሪጌታ። "ጓንት ያጥልቅ፣ ሲጨርስ በንጹህ ውሃ ይታጠብ፣ ሐኪም ይየው፣ ለአለቃውም ይንገር። እጁ ከዳነ ሥራውም እንጀራውም አይቋረጥም፣ ከሰውም አይሸሽም። ያኔ ጠበል ስታደርሰው ለምስጋና ይሆንልሃል። በል አሁኑኑ ደውልለት።"

አዱኛ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ወጡ።